የማቲልዳ የእንስላል መደብ

ኦቤራ አጠገብ፣ ሚሲዮኔስ፣ አርጀንቲና
መስከረም 3 ቀን 1956

ይድረስ ለእናቴ እህት፣ ከእናቴም ወዲህ እናት ለሆኑኝ ለአክስቴ ጉንቮር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጎረቤቶችስ? ያ ቁጡው አውራ ዶሮስ? እኔና ባለቤቴ ያልማር ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነን። ከመጣሁ እነሆ ስምንት ወር ሆነኝ። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ፤ ቀዩን አፈር ግን ገና አልለመድኩትም፤ የነካውን ልብስ ሁሉ የጡብ ቀለም ያስይዘዋል።

ዛሬ የምጽፍልዎ አንድ ነገር ልለምንዎ ነው። ገንዘብ አይደለም፣ አይደንግጡ። የእንስላል ዘር ነው።

አማቼን አባባ ኤድቫርድን በሠርጋችን ፎቶግራፍ ላይ አይተዋቸዋል፤ ዳር ላይ እንደ ምሰሶ የቆሙት ናቸው። ከአርባ አምስት ዓመት በፊት ከሰሜን ስዊድን፣ ከኪሩና የብረት ማዕድን ሥራቸውን ጥለው ወጡ። መጀመሪያ ብራዚል ገቡ፣ ከዚያ ወደዚህ ተሻገሩ። ጫካ መንጥረው ባገኙት መሬት ላይ አሁን ያልማር ማቴ ያበቅልበታል፤ እዚህ ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ እንደ ሻይ የሚጠጣው ቅጠል ነው። አማቼ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን አያናግሩኝም። "እንደምን አደሩ" ስላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያበሰልኩትን ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀምሱና ሳህኑን ወደ መሐል ገፋ አድርገው ይነሣሉ።

ያልማርን ብጠይቀው፣ እናቱ ማቲልዳ ከሞቱ ከስድስት ዓመት ወዲህ እንዲህ ናቸው አለኝ። ማቲልዳ ከአገር ሲወጡ የእንስላል ዘር በመሐረብ ቋጥረው አምጥተው ነበር። በየዓመቱ ከወጥ ቤቱ ጀርባ እየዘሩ፣ በአካባቢው ላለው ስዊድናዊ ሁሉ ያድሉ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ የሚዘራ ጠፋ፤ ዘሩም በዚያው አለቀ። መደቡ ግን ባዶውን አለ። አባባ ኤድቫርድ በየሳምንቱ አረሙን ይነቅላሉ፣ ምንም ነገር ግን አይዘሩበትም።

እኔ እዚያ ላይ እንስላል ላበቅል ቆርጫለሁ። ያልማር "ተይው፣ ይቆጣሉ" ይለኛል። ይቆጡ። ለመቆጣት እንኳ ሊያናግሩኝ ግድ ነው።

መልስዎን በጉጉት የምትጠብቅ
ልጅዎ አስታ


ኤክሄልት፣ ስሞላንድ፣ ስዊድን
ጥቅምት 9 ቀን 1956

ለእህቴ ልጅ፣ ለአስታዬ፤

ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ አንቺም ባልሽም በሙሉ ጤና ሆናችሁ ታግኛችሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው። አውራ ዶሮው ግን ፖስተኛውን ስለነከሰ ተበልቷል።

ደብዳቤሽን አንብቤ ሳልጨርስ ጓዳ ገብቼ ዘር ፍለጋ ጀምሬ ነበር። በዚህ ዓመት ያፈራሁት ነው፤ አሮጌ ዘር ልኬልሽ በከንቱ ስትጠብቂ እንድትከርሚ አልፈልግም። አበጥሮ የሰጠኝ ቶርስቴን ነው። ታስታውሺው ይሆናል፣ ከሐይቁ ማዶ ሸርጣን የሚያጠምደው፣ ሚስቱ የሞተችበት። ለነሐሴው ሸርጣን መቀቀያ የእንስላል አበባ ከእኔ ስለሚወስድ ነው የረዳኝ፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

አሁን በደንብ ስሚኝ። እንስላል ከቦታ ቦታ ሲያዛውሩት አይወድም። ሥሩ እንደ ካሮት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳልና አንዴ ከነቀልሽው አኩርፎ ይቀራል። ስለዚህ ችግኝ አፍልቼ እተክላለሁ እንዳትይ፤ ሊኖርበት ካሰብሽው ቦታ ላይ ዝሪው። አፈሩን አለስልሽና ዘሩን በተን በተን አድርገሽ በመዳፍሽ ጫን በዪው እንጂ አትቅበሪው። ፀሐይ ይወዳል፣ ቃጠሎ አይወድም። ሁሉንም ባንድ ቀን አትጨርሺ፤ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ከዘራሽ ለምለም ቅጠል አይለይሽም። ለምግብ ከሆነ የምትፈልጊው ሳያብብ ቁረጪው። እኔ የምዘራው በግንቦት መጀመሪያ ነው።

የባልሽ አባት ቢቆጡም አትመልሺላቸው። የቆየ ሐዘን ያለበት ሰው ቶሎ አይለምድም።

በናፍቆት አቅፌ የምስምሽ
አክስትሽ ጉንቮር


ኦቤራ አጠገብ
ኅዳር 28 ቀን 1956

ለምወድዎት አክስቴ ጉንቮር፤

ሰላምታዬ ከደስታዬ ብዛት አጭር ስለሆነ ይቅርታዎን። በቅሏል! በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ወጥቼ ሳይ መደቡ ላይ አረንጓዴ ፀጉር የመሰለ ነገር ቆሟል። ያልማርን ከአልጋው ጎትቼ አወጣሁት፤ በባዶ እግሩ ቆሞ ሲያየው ቆየና "የእናቴ ነው" አለ።

እናንተ ጋ ግንቦት ፀደይ ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ ወቅቱ የተገለበጠ ስለሆነ ግንቦት ማለት ኅዳር ነው ብዬ አስልቼ፣ ዘሩ እንደ ደረሰኝ ዘራሁት። ጎበዝ አይደለሁም? አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ አስቀርቼ ሌላውን በትኜዋለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ያሉትን ልጠብቅ ብል ልቤ እንቢ አለኝ።

አባባ ኤድቫርድ በመስኮት አይተዋል። ወጡ፣ ከመደቡ ጫፍ ቆሙ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ፣ ገቡ። አልተቆጡም፣ አልተናገሩምም። እስቲ ይህ ጥሩ ምልክት ነው ወይስ መጥፎ?

አሁን የምለምንዎ ሌላ ነው። እናቴ እሑድ እሑድ ትሠራው የነበረውን የበግ ሥጋ በእንስላል ወጥ አሠራሩን ይጻፉልኝ። ቅጠሉ ሲደርስ እሱን ነው የማቀርብላቸው።

ደስ ያላት
አስታ


ኤክሄልት
ጥር 7 ቀን 1957

ለጎበዟ አስታዬ፤

አዲሱን ዓመት በደህና ያስጀምራችሁ። እዚህ በረዶው እስከ መስኮቱ ነው፤ ደብዳቤሽን ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቶርስቴን እንጨት ሊፈልጥልኝ መጥቶ ስለነበር ለእሱም አነበብኩለት። የባልሽን ነገር ሲሰማ መጥረቢያውን አስቀመጠ።

ወጡ እንዲህ ነው። የበጉን ሥጋ ከነአጥንቱ በቀዝቃዛ ውኃ ጣጂው። ሲፈላ አረፋውን ግፈፊና ካሮት፣ ሽንኩርት፣ ጥቂት ቁንዶ በርበሬና የእንስላሉን ግንድ ጨምሪበት፤ ግንዱን ሰው ይጥለዋል፣ ሽታው ግን እሱ ውስጥ ነው። ሥጋው ከአጥንቱ ሲለቅ አውጪው። መረቁን በቅቤና በዱቄት አወፍሪው፣ ክሬም ጨምሪበት፣ ከዚያ ትንሽ ኮምጣጤና ትንሽ ስኳር። ኮምጣጤው ሲቀመስ መኖሩ ሊታወቅ ይገባል፣ አፍ ግን አያጨማድድ። ከእሳት ካወረድሽው በኋላ የተከተፈውን ቅጠል እፍኝ ሙሉ አድርጊበት። እሳት ላይ እያለ ከጨመርሽ ቀለሙም ጣዕሙም ይሄዳል። እፍኝ ስል የእኔን እፍኝ ነው፣ የአንቺን የሕፃን እጅ አይደለም።

ትናንት ለናሙና ሠራሁት፣ በጨው ካስቀመጥኩት እንስላል። ቶርስቴን ሦስት ሳህን በላ።

የመደቡን ፎቶግራፍ ላኪልኝ። በጣም ቸኩያለሁ።

ጉንቮር


ኤክሄልት
መጋቢት 20 ቀን 1957

ልጄ አስታ፤

ሰላም ነሽ ወይ? ፖስተኛው በመጣ ቁጥር በር ላይ እቆማለሁ። ከኅዳር ወዲህ ያንቺን ፊደል አላየሁም። ታመሽ ነው? ከያልማር ጋር ተጣልተሽ ነው? የወጡን አሠራር ስጽፍልሽ ያስቀየምኩሽ ነገር አለ? ስለ እጅሽ ማነስ የቀለድኩት አስከፍቶሽ ይሆን?

እንስላሉ ይቅር። አንቺ ብቻ ደህና መሆንሽን በአንድ መስመር ጻፊልኝ።

ጉንቮር


ኦቤራ አጠገብ
ግንቦት 6 ቀን 1957
(በአየር ፖስታ)

ለማከብርዎትና ላሳዘንኩዎት አክስቴ፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ አለቀስኩ። አልታመምኩም፣ አልተጣላሁምም። አፍሬ ነው። ያን ያህል ፎክሬ ከጻፍኩልዎ በኋላ፣ በታኅሣሥ ውስጥ ሁሉም አለቀ። አንድ ጣት ከሆነ በኋላ ሙቀቱ ያዘው። ቅጠል ሳያወጣ ቀጥኖ ተወነጨፈ፣ እንደ ስፌት ክር የቀጠነ አበባ አወጣና ባንድ ሳምንት ውስጥ ደርቆ ተሰበረ። ጠዋትና ማታ ውኃ ባጠጣውም አልሰማኝም። ለአንድ ማንኪያ መረቅ የሚሆን እንኳ አልቆረጥኩም። ምን ብዬ ልጻፍልዎ? በየቀኑ ነገ እላለሁ፣ ነገ ደግሞ የባሰ ያሳፍራል።

አሁን ግን ልቤ እየዘለለ ነው የምጽፈው። ያለፈው ቅዳሜ የሆነውን ልንገርዎት።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ያቺን ያስቀረኋትን አንድ የሻይ ማንኪያ ዘር ይዤ ወደ መደቡ ወጣሁ። ቢበቅል ይብቀል፣ ካልበቀለም ቁርጡን ልወቀው ብዬ ነው። ተንበርክኬ አፈር ሳለሰልስ ከኋላዬ ጥላ ወደቀብኝ። አባባ ኤድቫርድ ናቸው።

"በኅዳር ስትዘሪ አይቼሽ ነበር" አሉኝ። ከመጣሁ ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይኸው ነው። "እንደሚቃጠል አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ምነው አባባ፣ ሳይነግሩኝ?"

ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ "እንዲቃጠል ፈልጌ ነው" አሉኝ። "ሌላ ሰው ካበቀለው ማቲልዳ ጨርሳ የምትሄድ መስሎኝ።"

እርስዎ አትመልሺላቸው ብለውኝ የለ፣ አልመለስኩም። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ አንዱን ጉልበት፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ እያቃሰቱ አጠገቤ ተንበረከኩ። ማቲልዳም የመጀመሪያውን ዓመት ልክ እንደ እኔ በኅዳር ዘርታ እንደ ተቃጠለባት ነገሩኝ። እዚህ እንስላልን የሚያሳድገው ብርዱ ነው አሉኝ። የማቴው ለቀማ በደንብ ሲጀመር፣ በግንቦት መጀመሪያ፣ ሙቀቱ ሲበርድ ነው የሚዘራው።

"ስጪኝ" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ዘሩን ሰጠኋቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ለመበተን ግን የሚንቀጠቀጥ እጅ የመሰለ የለም፣ እኩል እኩል ነው ያረፈው።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አብረን እናየዋለን። በሰኔ የበጋ አጋማሽ በዓል ላይ፣ እዚህ ብርድ ቢሆንም በአገራችን ቀን፣ የሰፈሩ ስዊድናዊ ሁሉ እዚህ ግቢ ይሰበሰባል፤ ሰባት ሳምንት ነው የቀረው። ይደርስ ይሆን? ዘር ካለዎት ጥቂት በአየር ይላኩልኝ።

ይቅር እንዳሉኝ አምና
አስታ


ኤክሄልት
ግንቦት 17 ቀን 1957
(በአየር ፖስታ)

አስታዬ፣ የኔ ሞኝ፤

ይቅርታውን ተቀብያለሁ፤ ዳግመኛ ግን ለእንስላል ብለሽ አምስት ወር ድምፅሽን ብታጠፊ በመርከብ መጥቼ ጆሮሽን እቆነጥጠዋለሁ።

አሁን ደግሞ ልኩራራ። በግንቦት መጀመሪያ ብዬ ጽፌልሽ አልነበር? አንቺ ግን የተማርሽ ነሽና ዓለምን ገለበጥሻት። ከሁሉም የሚያስቀኝ፣ እኔም የዘንድሮውን የዘራሁት በዚያው ቅዳሜ መሆኑ ነው። ቶርስቴን መደቡን ቆፈረልኝ፣ እኔ በተንኩ። አንቺ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ፣ ባንድ ቀን። ይህን ስነግረው ቶርስቴን ዝም ብሎ ፈገግ አለ። እሱ ፈገግ ሲል አይተሽው አታውቂም።

ይህን ዘር እንደ ደረሰሽ በቀሪው መደብ ላይ ዝሪው። ለበዓሉ ባይደርስም ለሐምሌ ይሆናል። ቡቃያው ጣት ሲያክል ጥቅጥቅ ያለውን ነቅለሽ አሳሺው፤ የምትነቅይውን አትጣይው፣ እሱ ራሱ ከቅቤ ጋር ዳቦ ላይ ይበላል። የቅጠል ቅማል ከወጣበት በሳሙና ውኃ እጠቢው።

ሰባት ሳምንት ይበቃል ብዬ ልምልልሽ አልችልም። እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ ቀን እቆጥራለሁ።

ላባባ ኤድቫርድ ሰላምታዬን አድርሺ። ስለ ኅዳሩ አልቀየምኳቸውም በያቸው።

ጉንቮር


ኦቤራ አጠገብ
ሰኔ 25 ቀን 1957
(በአየር ፖስታ)

ለአክስቴ ጉንቮር፤

ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ከበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጠዋት ስንነሣ መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኗል። የጎረቤት ዱባ ሁሉ ጠቁሮ ተኝቷል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ወደ መደቡ መሄድ አቃተኝ። አባባ ኤድቫርድ ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው ጠሩኝ። እንስላሉ ውርጩን እንደ ጨው ተሸክሞ ቆሟል። ፀሐይ ስትወጣ ውርጩ ቀለጠና ከበፊቱ የበለጠ ለመለመ።

ቅዳሜ አርባ ሦስት ሰው መጣ። ሁሉም የየራሱን ድንች ይዞ ነው የመጣው፤ እንስላል አለ የሚለው ወሬ ደርሷቸው ኖሮ። በሦስት ድስት ቀቀልን። እርስዎ ያሉትንም የበግ ወጥ ሠራሁ፣ በእርስዎ እፍኝ ልክ፣ ማለትም በእኔ ሁለት እፍኝ። ቅጠሉን የቆረጡት አባባ ኤድቫርድ ናቸው፤ ማንንም አላስነኩም። ትኩሱ ድንች ላይ ሲበተን ሽታው ግቢውን ሞላው፣ ወሬው ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆመ። እዚህ ተወልደው ያደጉት ወጣቶች ሽማግሌዎቹን እያዩ ግራ ገባቸው። አንዲት አሮጊት ሳህናቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ዞር አሉ፤ ብቻቸውን ነው የበሉት። አባባ ኤድቫርድ ሁለት ሳህን በሉ። ከዚያ ሦስተኛ ጠየቁኝ። በሰው ፊት "አስታ፣ ጨምሪልኝ" አሉ። ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም ነበር።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ግን ወንበር ሳቡልኝና ልጃቸው ያልማር እንኳ የማያውቀውን ነገሩን። ኪሩና ውስጥ ሁልዳ የምትባል ታላቅ እህት አለቻቸው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች እሳቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ኒልስን ያሳደገችው እሷ ናት። ወደ ብራዚል ሲነሡ ኒልስ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ሁልዳ እንዲቀር ለምናለች፤ ና ብለው የወሰዱት እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት በንዳድ ሞተባቸው። ለእህታቸው እንዴት ብለው ይጻፉ? ነገ ሲሉ፣ ነገ ሲሉ፣ አርባ አምስት ዓመት ሆነ። አምስት ወር ዝም ያልኩት እኔ እንዴት ልፍረድባቸው?

"አሁን እጽፍላታለሁ" አሉ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እኔ ጻፍኩ፣ እሳቸው ተናገሩ። አንድ ገጽ ለመሙላት ሁለት ቀን ፈጀብን። ከዚህ ጋር አሽጌ ልኬዋለሁ። አክስቴ፣ ሁልዳ በሕይወት ካለች ደብዳቤው በሰው እጅ እንዲደርሳት ይፈልጋሉ። ፖስተኛ ጥሎባት የሚሄደው ነገር አይደለም። እርስዎ ኪሩናን አይተው እንደማያውቁ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሩቅ መሆኑንም። እሳቸው ግን የእንስላሉን ዘር የላከች ሴት ታደርሰዋለች ብለዋል።

አስታ


ኤክሄልት
ሐምሌ 21 ቀን 1957
(በአየር ፖስታ)

ለአስታዬ፣ ለያልማር፣ ለአቶ ኤድቫርድም፤

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አሁን ከባቡር መውረዴ ነው፤ ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ቶርስቴን ወደ ኪሩና ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ስልክ ደወለ። ሁልዳ በሕይወት አለች፣ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ብቻዋን የምትኖረው ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው አሉት። እኔ ከክፍለ ሀገራችን ወጥቼ አላውቅም። ቶርስቴን "ብቻሽን አትሄጂም" አለኝና ሁለት ቲኬት ቆረጠ። አንድ ቀን ተኩል ነው መንገዱ። ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ከመስኮቱ ውጪ ረግረግና አጭር አጭር ጥድ ብቻ ሲቀር፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። እኔም በስልሳ ዓመቴ እሺ አልኩት። ስለዚህ ነገር ለዛሬ ይህ ይበቃል፤ የምጽፈው የራሴን ላወራ አይደለም።

ባዶ እጄን ላለመሄድ ከጓሮዬ ትልቅ እቅፍ እንስላል ቆርጬ፣ በረጠበ ጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። በሩን ስናንኳኳ አጠር ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሴትዮ ከፈቱልን። ከማን እንደመጣን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም። ደብዳቤውን ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ በቆሙበት አነበቡት። ቶርስቴን ወንበር ሊያቀርብላቸው ቢል በእጃቸው ከለከሉት። ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ከዚያ እንዲህ አሉን፤ "ኒልስ መሞቱን ከአሥራ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሦስት ጀምሮ አውቃለሁ። ከብራዚል የተመለሰ ሰው ነግሮኛል። ኤድቫርድ ራሱ ታሞ እያለ በጀርባው ተሸክሞ ወስዶ እንደቀበረውም ነግሮኛል። እኔ አርባ አራት ዓመት የጠበቅሁት ወሬውን አይደለም። እሱ ራሱ እስኪነግረኝ ነበር።"

ሁልዳ ወንድማቸው ኤድቫርድ የት እንዳለም ስለማያውቁ ሊጽፉለት አልቻሉም ነበር፤ መሞት አለመሞቱንም የሚነግራቸው አላገኙም። አሁን ተቀመጡ። ወረቀትና ቀለም ከመሳቢያ አወጡ። ከዚያ የታቀፍኩትን እንስላል አዩና "እሱን ይዘሽ ምን ትገተሪያለሽ?" አሉኝ፣ እንደ ታናሽ እህታቸው። "ድንቹ ከማጠቢያው ሥር አለ። ሂጂና ቀቅይ። እኔ ሳልጨርስ ማንም ከዚህ ቤት አይወጣም።"

ስለዚህ በማላውቀው ወጥ ቤት ድንች ልጬ ቀቀልኩ። ቶርስቴን እንስላሉን ከተፈ፣ በጣም አወፍሮ፣ እንደ ወንድ። በሩ ክፍት ስለነበር ጀርባቸው ይታየኛል። አንዴ ይስቃሉ፣ አንዴ ዝም ይላሉ፣ ብዕሩ ግን አይቆምም። ድንቹ ሁለት ጊዜ ቀዝቅዞ ሁለት ጊዜ አሞቅኩት። ሲጨርሱ አሥራ አራት ገጽ ነበር። ፖስታው አልዘጋ ስላለ በክር አሰሩት። ከዚያ ማዕድ ቀርበው በሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ድንች።

ደብዳቤያቸው ከዚህ ጋር ነው። እኔ አላነበብኩትም። አስታዬ፣ አንቺም ለብቻሽ እንዳታነቢው። ቀን ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ አቶ ኤድቫርድን ከያልማር ጋር አስቀምጪና ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው፤ ቶሎ ቶሎ ሳትዪ፣ እሳቸው ድገሚው ያሉሽን ሁሉ እየደገምሽ።

አክስታችሁ
ጉንቮር